አፋፍ ላይ የተተከለው ድንኳን

ተክለ ጊዮርጊስ ድንኳኑን ከአራዳ ገበያ ገዝቶ፣ በአህያ አስጭኖ ቁስቋም ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። ምን ያድርግ፤ ድንኳን የሚታወቀው ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ በመንደሩ የተጠራ ሠርግ አልነበረም። እሱ ግን ጣልያን ጥሎት የሸሸውን ያን አሮጌ ሸራ ደጁ ላይ ዘርግቶ፣ አቧራውን እያራገፈ፣ ቀዳዳውን እየደባበሰ ደስታውን ብቻውን ያጣጥም ነበር።

«ማን ሞተባችሁ?» አሉት አንዲት ባልቴት።

«ማንም አልሞተብንም። ለሚካኤል ስለት ልናስገባ ስንሄድ ከነልጆቼ የማድርበት ነው።»

«ምነው ተክሌ! የእግዜር እንግዳ የሚያሳድር ክርስቲያን ጠፍቶ ነው?»

ጠፍቶ አይደለም። ተክለ ጊዮርጊስ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። በሥራው ምክንያት ወደ ደባርቅ ሲመላለስ፣ ዋልያ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ከነሚስት ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አይቷል። ቤት እያላቸው፣ አልጋ እያላቸው፣ ወደውና ፈቅደው! ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቡ አልወጣም። «አየሩ ብቻ መድኃኒት ነው» ይላል፣ «እኛ ደግሞ በተዘጋ ቤት ከቁንጫ ጋራ ስንታገል እንኖራለን።» የሰማው ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ ሐሳቡን ግን አይለውጥም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ለሚስቱ ለእማዋይሽ ድንኳኑ ምኗም አልነበረም። የእሷ ነገር ስለቱ ነበር። ከሴቷ ልጇ ቀጥሎ የወለደቻቸውን ሁለት ወንዶች ኩፍኝ አከታትሎ ቀምቷታል። ሦስተኛው ወንድ ሲወለድ ስሙን ምትኩ አሉት፤ እሷም ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ፣ ልጅ ያኖራል ተብሎ ለሚታመነው ለአፋፍ ሚካኤል ተሳለች። «ይህን ልጅ አንተ አኑርልኝ እንጂ፣ በእግሩ ሄዶ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ከደጅህ ድረስ ይዤው እመጣለሁ፤ ጥላም አስገባልሃለሁ» አለች። ልጁ ቆመ፣ ሄደ፣ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ጥላውም ተሠራ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ተንዠርጎበታል፤ ሲዘረጋ ታቦት የተሸከመውን ቄስ ብቻ ሳይሆን አጃቢዎቹንም ያስጠልላል።

እነዚያን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ግን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ልጁ ቢያስነጥስ ዓይኗ ይቀላል። ንፋስ እንዳይመታው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ስትል ከጀርባዋ አታወርደውም፤ የቁስቋም ሴቶች «ምትኩ እግር ያወጣው ለጌጥ ነው» እያሉ ያሙዋታል። ትልቋ ልጅ ሰብለ ወንጌል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት መሪጌታ አያቷ ናቸው፤ በቤት ውስጥ ሰብሌ ትባላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን «አንቺ ልጅ» ናት። አንቺ ልጅ ውሃ አምጪ፣ አንቺ ልጅ ወንድምሽን ያዢ፣ አንቺ ልጅ እሳቱን እዪው። እማዋይሽ ሴት ልጇን አትወድም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ትወዳት ነበር፤ ሰው እጁን እንደሚወደው። በሷ ትሠራለች፣ በሷ ትይዛለች፣ መኖሯን ግን ልብ ብላ አታየውም።

ከጎንደር እስከ ዳባት በጭነት ማኪና፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ተክለ ጊዮርጊስ መንገዱን ሁሉ ስለሚያድሩበት ቦታ ሲያወራ፣ ሾፌሩ ሲስቅ፣ እማዋይሽ የልጁን ጆሮ በነጠላዋ ስትሸፍን ዳባት ደረሱ። ከዳባት ወደ አፋፉ ማኪና አይሄድም፤ አያ አለኸኝ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ በቅሎና አህያ ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። እማዋይሽ ምትኩን ታቅፋ በበቅሎዋ ላይ ወጣች። ድንኳኑና ስንቁ በአህያዋ ተጫነ። ጥላው ግን ለአህያም አይታመንም ተብሎ፣ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ በሰብለ ትከሻ ላይ ሆነ። ዳገቱን ሁሉ ተሸክማው ወጣች። አንድ ጊዜ አያ አለኸኝ ዞር ብለው «ደከመሽ ወይ የኔ ሸጋ?» አሏት።

«አልደከመኝም» አለች።

«ከመሬት እንዳታስነኪው» አለቻት እናቷ ከበቅሎዋ ላይ ሆና።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቀኑ ገና ነበር። ኅዳር ነውና ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ንፋሱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሜዳው ሣር ብቻ ነው፤ እዚህም እዚያም ከሚታየው፣ ግንዱ ገመድ ከማይችለው ጅብራ በቀር በቅሎ የሚታሰርበት ዛፍ እንኳ የለበትም። ከሜዳው ጫፍ ምድር ታልቅና ገደሉ ይጀምራል፤ ቆላው ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ በጥድ ተከቦ ይታያል፤ ነገ ለሚውለው ንግሥ የመጣው ሰው ሁሉ እዚያው ዙሪያ ዳስ እየጣለ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ግን ከገደሉ አጠገብ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«እዚህ! ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?»

«እኔስ ፈራሁ» አለች እማዋይሽ።

«ምኑን ነው የምትፈሪው? ገደሉ እሱ ቦታ ላይ ነው፣ እኛ እኛ ቦታ ላይ ነን። ወይስ ተነስቶ ይመጣል?»

አያ አለኸኝም «ሸጋ ቦታ ነው፤ ሣሩም አልተጋጠ» አሉ፤ እሳቸው የሚያስቡት ለበቅሎዋ ነው። እናም ድንኳኑ እዚያ ተተከለ። መሬቱ ከላይ ሣር፣ ከሥሩ ድንጋይ ስለሆነ ካስማው ጠልቆ አልገባም። ቢሆንም ምሰሶው ቆመ፣ ሸራው ተወጠረ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ዙሪያውን እየዞረ «አያችሁ! አያችሁ!» ይል ጀመር። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። እማዋይሽ እንኳ ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች።

ፈገግታዋ ግን አልቆየም። ምትኩ ከእጇ እንደወረደ ወደ ገደሉ ሮጠ፤ ዕድሜውን ሙሉ ታዝሎ የኖረ ልጅ ሜዳ ሲያይ ምን ያድርግ። ተከትላ ያዘችው። ስትለቀው እንደገና ሮጠ። በመጨረሻ መቀነቷን ፈታች። ረጅም የፈትል መቀነት ነው፤ በአንድ ጫፉ የልጁን ወገብ አሰረች፣ ሌላውን ጫፍ ድንኳኑ ውስጥ ካለው ምሰሶ ጋራ ቋጠረችው፤ ቋጠሮውንም ደጋግማ አጠበቀችው።

«ጥጃ አደረግሽው እኮ!» ብሎ ሳቀ ባሏ።

«ጥጃም ይሁን፤ ብቻ ይኑርልኝ።»

ከዚያ ተክለ ጊዮርጊስና አያ አለኸኝ አህያዋን ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ካለው ምንጭ ውሃ ሊያመጡ ተነሱ። በቅሎዋን እንዲሁ ከለቀቋት የሰው ገብስ ውስጥ መግባቷ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ጠፍሯን በድንኳኑ ጀርባ፣ በሸራው ሥር አሾልኮ ከምሰሶው ጋራ አሰረው።

«እማዋይሽ! በቅሎዋን ምሰሶው ላይ አስሬያታለሁ፤ ስመለስ ችካል እተክልላታለሁ!»

«እሺ» አለች።

ሰምታዋለች። ባል ልጁ ሲታሰር አይቷል፤ ሚስት በቅሎዋ መታሰሯን ሰምታለች፤ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያሰበ ግን የለም። አንድ ምሰሶ፣ ያውም በቅጡ ያልተተከለ፤ በአንድ በኩል ልጅ፣ በሌላ በኩል በቅሎ! ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ ትሉ ይሆናል። እንደኔና እንደናንተ ያለ ሰው ነው። ሁለት ጠንቃቆች፣ እያንዳንዳቸው የሚሳሱለት ነገር እንዳይጠፋባቸው ጥብቅ አድርገው አሰሩ።

ምትኩ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ያለቅስ ጀመር። እማዋይሽ «አንቺ ልጅ፣ ግቢና አጫውቺው፤ ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳታነሺ» ብላ ሰብለን አስገባቻትና እሷ ወደ ጥላው ዞረች። ማኪናው ሲያንገጫግጨው የዋለ ዘርፍ ተተብትቦ ይሆናል፤ ነገ በካህናቱ ፊት እንደዚያ ሆኖ ቢዘረጋ ያሳፍራል። አቡጀዲውን ፈታች። ከድንኳኑ ውስጥ የምትኩ ልቅሶ ቆመ፤ ቀጥሎ ሳቁ ተሰማ። ጎሽ፣ አለች በልቧ። ጥቂት ቆይቶ ሰብለ ተጣራች።

«እማዬ! እማዬ፣ ምትኩ እኮ…»

«አንቺ ልጅ አታስቸግሪኝ! ሥራ ይዣለሁ!»

ይህን ብላ ጥላውን ዘረጋችው።

ንፋሱ ከሥር ገብቶ ነፋው። ያ ሁሉ ቀይ ከፋይ ባንድ ጊዜ ቧ ብሎ ተከፈተ፤ ወርቃማው ዘርፍ በፀሐይ ተብለጨለጨ፤ እማዋይሽ ራሷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። በቅሎዋ ከድንኳኑ ጎን አቀርቅራ ትግጥ ነበር። ቀና ስትል ቅድም ያልነበረ ትልቅ ቀይ ነገር ፊቷ ቆሟል። በርግጋ በኋላ እግሯ ቆመች፤ ዞረችና በረረች።

እማዋይሽ መጀመሪያ ያየችው የበቅሎዋን መሸሽ ነው። ቀጥሎ ምሰሶው ዘመም አለ። ቀጥሎ ድንኳኑ ተኛ፤ ካስማዎቹ አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ ተነቀሉ፤ ሸራው ተጠቅልሎ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ በቅሎዋን ተከተላት። በቅሎዋ ዞር ብላ የሚከተላትን ነገር አየች፤ ያን ጊዜማ የባሰ አበደች። ወደ ገደሉ ጋለበች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ነፍሷ ነግሯት ወደ ጎን ታጠፈች፤ ድንኳኑ ግን አልታጠፈም። ከኋላዋ ተወንጭፎ ከአፋፉ ወጣ፤ ጠፍሩ ተወጠረ፤ ጧ ብሎ ተበጠሰ። በቅሎዋ በሜዳው ላይ እየጋለበች ሄደች። ድንኳኑ የለም።

እንዲህ ሆኖ አለቀ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም እንኳ አይበቃም።

እማዋይሽ ጥላውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ለቀቀችው፤ ንፋሱ ወሰደው፤ ወዴት እንደወሰደው ያየ የለም። «ምትኩ!» የሚል ድምፅ ከውስጧ ወጣ፤ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። «ምትኩ! ምትኩዬ! ኧረ ሚካኤል፣ ደጅህ ድረስ አምጥቼልህ!» እያለች ወደ ገደሉ ሮጠች። ከዳሶቹ በኩል ጩኸቱን የሰማ ሰው ሁሉ ደረሰ፤ ሁለት ሴቶች ጫፉ ላይ ሳትደርስ ወገቧን ይዘው ከመሬት ጣሏት። ባይጥሏት ኖሮ ትዘል ነበር። መሬቱን በጥፍሯ ቧጠጠች። «ልቀቁኝ! ያሰርኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ!» ትላለች። ሰዎቹ ምን እንደምትል አልገባቸውም፤ ልጅ ገደል እንደገባ ብቻ ገባቸው። አንድ ዲያቆን አፋፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ወደ ታች አየ። «ቋጥኙ ጋርዶታል፤ ምንም አይታይም» አለ።

በዚህ መካከል እማሆይ ይመኙሽ የሚባሉ አንዲት መነኩሴ ከጅብራዎቹ ኋላ አንድ ሕፃን በእጃቸው እየመሩ መጡ። ሕፃኑ በሌላው እጁ ደረቅ የበቅሎ ፋንድያ ጨብጧል።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ። «እዚያ ማዶ ብቻውን ሲጫወት አገኘሁት።»

ምትኩ ነበር። ወገቡ ላይ መቀነት የለም። ጭረት እንኳ አልነካውም።

እማዋይሽ ማመን አቃታት። ፊቱን ዳሰሰች፣ እግሩን ዳሰሰች፣ ሆዱን ገልጣ አየች። ከዚያ ተነስታ ቆመች፤ ልጁን ወደ ሰማይ አነሳችው፤ እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። እልልታው ከአፋፉ ተነስቶ ገደል ለገደል ሄደ፤ ወንዶቹ እያጨበጨቡ «የሚካኤል ሥራ!» አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ቄስ አለቀሱ። አበቃች ሲሉ እሷ እንደገና ትጀምራለች። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ስትፈራው የኖረችው ነገር መጥቶ፣ ከዓይኗ ሥር አልፎ፣ ሳይነካው ሄደ። ይህን ባሰበች ቁጥር እልል ትላለች።

ተክለ ጊዮርጊስ ምንጩ ጋ ሆኖ ጩኸቱን አልሰማም፤ ንፋሱ ወስዶበታል። እልልታውን ግን ሰማ፤ ታቦት የወጣ መስሎት እያማተበ፣ ከአያ አለኸኝ ጋራ አህያዋን እየነዳ ዝግ ብሎ መጣ። ድንኳኑ የነበረበትን ቦታ ሲያይ አለንጋው ከእጁ ወደቀ። ሰዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነግሩት ጀመር፤ በቅሎዋን፣ ድንኳኑን፣ ገደሉን፣ ተአምሩን። ምትኩን በሚስቱ ትከሻ ላይ እንዳለ ሳመው፣ ደጋግሞ ሳመው። ከዚያ ቀና ብሎ በሰዎቹ መካከል በዓይኑ ፈለገ።

«ሰብለስ?» አለ።

እማዋይሽ የልጅቱን ስም የሰማችው እንደማታውቀው ሰው ስም ነው። ዕቃ አስቀምጦ ቦታው እንደጠፋበት ሰው ዞር ዞር አለች። «እዚህ ነበረች እኮ» አለች፣ «አሁን እዚህ…» እልልታው ቆመ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሌላ ልጅ እንዳለች የነገራቸው የለም።

«ምትኩዬ፣ ሰብሌ የት ናት?» አለ አባቱ።

ምትኩ ሳቀ። «ሰብሌ ጥጃ ናት። እኔ አሰርኳት።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ለእማዋይሽ ታያት። የልጁ ልቅሶ ለምን እንደቆመ፣ ለምን እንደሳቀ፣ ሰብለ ለምን እንደተጣራች። ወንድሟ አልታሰርም ብሎ ሲያለቅስ በጥርሷ ፈታችው፤ እንዲስቅላት ብላ መቀነቱን በገዛ ወገቧ አዞረችለት፤ እሱም ከጀርባዋ ቋጠሮውን ጎትቶ አጠበቀው። ከዚያ በሸራው ሥር ሾልኮ ወጣ። ልትከተለው ብትሞክር ቋጠሮው አልፈታ አላት፤ እናቷን ጠራች። አታስቸግሪኝ ተባለች።

እማዋይሽ መጮህ ፈለገች፤ ድምፅ አልወጣትም። ጩኸቷ ሁሉ ለምትኩ አልቆ ለሰብለ የተረፈ አልነበረም።

አያ አለኸኝ ጋቢያቸውን ጣሉ። የየበቅሎው ጠፍር ተፈቶ እርስ በርሱ ተቋጠረ፤ በወገባቸው ታሰረላቸው፤ ወንዶቹ ተደርድረው ያዙት፤ እሳቸው ወረዱ። ጠፍሩ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄዶ ቆመ። ከላይ ያለው ሰው ጠበቀ። ተክለ ጊዮርጊስ ጠፍሩን ከያዙት መካከል ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ብዙ ከቆየ በኋላ የገበሬው ድምፅ ከሥር መጣ።

«አለች! ነፍስ አላት! ሳቡ!»

ድንኳኑ ከአፋፉ በታች ባለ እርከን ላይ በቁጥቋጦ ተይዞ ነበር። የተሰበረው ምሰሶ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀርቅሮ፣ ሸራው ተጠቅልሎባት፣ ከምሰሶው ጋራ በእናቷ መቀነት እንደታሰረች ተገኘች። በአያ አለኸኝ ጀርባ ላይ ሆና ወጣች። ግራ ክንዷ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ግማሽ ፊቷ ተልጧል፤ ዓይኗ ግን ተገልጧል። አላለቀሰችም።

እማዋይሽ ምትኩን እንደታቀፈች ከሰብለ ፊት ተንበረከከች።

«ምነው ልጄ? ምነው አልጠራሽኝም? እዚያ ሆነሽ ድምፅሽን ብታሰሚን ምን ነበር፣ አንቺ…» አንቺ ልጅ ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

«ልጠራሽ ነበር» አለች ሰብለ። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «ምትኩ ገደል የገባ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ኋላ እልል ስትይ ሰማሁ። ከዚያ ተውኩት።»

«ምኑን ነው የተውሽው?» አለ አባቷ።

«መጣራቱን። ምትኩ ከተገኘ፣ የምትፈልጉት ሰው የቀረ አልመሰለኝም።»

በቁጣ ብትለው፣ በልቅሶ ብትለው ይሻል ነበር። እንዲያው እንስራው ሞልቷል እንደማለት አድርጋ ነው የተናገረችው። ተክለ ጊዮርጊስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የቆሙት ሴቶች መሬት መሬቱን አዩ። እማዋይሽ አይደለም ልትል ፈለገች፤ እንዲህ አይደለም፣ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም። ግን ምን ብላ ትካድ? ሰው ሁሉ ሰምቷታል፤ ልጅቱም ከገደል ሆና ሰምታታለች። ምትኩን ከእቅፏ አውርዳ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ዞር ብላም አላየችው፤ ሁለት እጆቿን ወደ ሰብለ ዘረጋች።

ሰብለ እጆቹን አላየቻቸውም። በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አፋፉን ነበር የምታየው።

«እማዬ» አለች፣ «ምትኩን ማን ያዘው?»